ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ማስተላለፊያውን ማን ይክፈል? ገዢ፣ ሻጭ ወይስ እኩል በእኩል

ቁም ሣጥኑ የጭነት ባጃጁ ላይ ወጥቶ በገመድ ታስሯል። ነጂው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ አንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ ከሻጯ ጋር ስለ ማውጫ እከራከራለሁ።

ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ነው። 12 ሺህ ብለው ጀመሩ፣ 9,500 ላይ ተስማማን። እትዬ «በቴሌብር አድርግልኝ» አሉኝ፤ ላክሁ። ስልካቸው ጮኸ። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበቡትና ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ማውጫውስ?»

«የምን ማውጫ?»

«ይሄን እኮ ወኪል ጋ ሄጄ ነው የማወጣው። ሲያወጡ ይቆርጣሉ። እኔ ከነማውጫው መስሎኝ!»

እኔም ውስጤ በግኗል። መላኪያውን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ከሂሳቤ የተቀነሰው ከ9,500 በላይ ነው። እሳቸው ግን ያንን አላዩም። እኔም ወኪሉ ጋ ሲደርሱ የሚቆረጥባቸውን አላየሁም። ሁለታችንም የየራሳችንን ብቻ አይተን ተበደልን ብለን ቆመናል።

ያስታረቀን ነጂው ነው። «ጋሼ፣ እኔ ቆሜም አስከፍላለሁ» አለኝ። ከኪሴ 50 ብር አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም። «ብሩስ ይቅር፤ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብለው በሩን ዘጉ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ያገለገለ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ ሸጫለሁም። ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ትመቻለች። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ተመርቆ ሲወጣ ፍራሹንና የመጽሐፍ መደርደሪያውን ይሸጣል። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው ቤት ሲቀይር ምድጃውን ይሸጣል። የመንግሥት ሠራተኛው ሲዛወር ሶፋውን ተሸክሞ አይሄድም። ሁሉም ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ፎቶ ይለጥፋል። ዋጋ ይጽፋል፣ «ስልክ ይደውሉ» ይላል። በምን እንደሚከፈልና ማስተላለፊያው የማን እንደሆነ የሚጽፍ ግን ከስንት አንድ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፣ ኋላ እንዳታኮርፉኝ። ዋጋ ከመቆረጡ በፊት የተነሳ ማስተላለፊያ ድርድር ነው፤ ማንም ቢከፍለው አይከፋም። ከተቆረጠ በኋላ የመጣ ግን ዋጋ መጨመር ነው፤ አምስት ብርም ቢሆን ያስቀይማል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝናቸው በዚህ ነው።

ስንት ዓይነት ክፍያ ነው ያለው?

«ማስተላለፊያ» ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን እንጂ ውስጡ የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንዱ መላኪያ ነው። ባንኩ ወይም የሞባይል ገንዘቡ ከላኪው ላይ ይቆርጣል። የንግድ ባንክ አጭር መልእክት የሚደርሳችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ከላካችሁት ብር ቀጥሎ የአገልግሎት ክፍያ፣ ከዚያ 15 ፐርሰንት ቫት ይላል። ቫቱ የሚሰላው በአገልግሎት ክፍያው ላይ ነው። ለምሳሌ ክፍያው 20 ብር ቢሆን ቫቱ 3 ብር ነው፣ በቃ። ይህን የምለው አንድ ጎረቤቴ «30 ሺህ ብር ብልክ 15 ፐርሰንቱን መንግሥት ይወስደዋል» ብሎ ጥሬ ብር በፌስታል ተሸክሞ ሲሄድ ስላየሁት ነው።

ሁለተኛው የመንገድ ልዩነት ነው። ከአንድ ባንክ ወደዚያው ባንክ መላክ በአብዛኛው ርካሽ ነው። ባንክ ሲለያይ ገንዘቡ ባንኮቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ከባንክ ወደ ቴሌብር ወይም ወደ ኤም-ፔሳ፣ ከእነሱም ወደ ባንክ ሲሆን ሌላ ታሪፍ አለ። ታሪፉ እንደ ብሩ መጠን በደረጃ ይሄዳል፣ በየጊዜውም ይቀያየራል። ስለዚህ እዚህ ቁጥር ደርድሬ አላሳስታችሁም። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የሚስጥር ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ክፍያውን ያሳያሉ። እዚያች ገጽ ላይ አንድ አፍታ ቆም በሉ።

ሦስተኛው ማውጫ ነው። ሻጩ ብሩን ከወኪል በጥሬው ሲቀበል ይቆረጥበታል። የራሱ ባንክ ባልሆነ ኤቲኤም ሲያወጣም እንዲሁ። እትዬ የተናገሩት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መላኪያው ሳንነጋገር ገዢው ላይ ይወድቃል። ማውጫውም ሳንነጋገር ሻጩ ላይ ይወድቃል። ማሽኑ እኛን ሳይጠይቅ አከፋፍሎታል። «ማን ይክፈል» ብለን የምንከራከረው ያንን ክፍፍል ለመቀየር ነው።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሽያጭ ክፍሉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የክፍያ ወጪ የገዢው፣ ዕቃውን የማስረከብ ወጪ የሻጩ ነው በሚለው መንገድ ይሄዳል። የወጣው ሞባይል በሌለበት ዘመን ነው፣ ግን መነሻ ይሆናል። ለቁም ሣጥን ማውጫ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው መቼም አይኖርም።

ገዢው ይክፈል የሚለው

የብዙ ሻጮች ምርጫ ይሄ ነው። «እጄ ላይ 9,500 ይግባልኝ» ይላሉ። ጥሩ አነጋገር ነው፤ ግልጽ ነው። ገዢው የመላኪያውንም የማውጫውንም አስልቶ ይልካል ማለት ነው።

የሚያስኬደው መቼ ነው? ዋጋው እስከ አጥንቱ ከተደራደሩበት በኋላ። ከ12 ሺህ ወደ 9,500 ያወረደ ገዢ ማውጫም ሻጩ ይቻል ሲል ትንሽ ይከብዳል። እኔ ያኔ አቶቴ በር ላይ የቆምኩት እንደዚያ ሆኜ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

የማያስኬደው ሻጩ መጀመሪያ ሳይናገር የቀረ ጊዜ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንዱ ሆን ብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ ይለጥፋል። ሰው ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዞ እቤቱ ድረስ ከመጣ በኋላ «ከነማውጫው ነው፣ የጭነቱም ያንተ ነው፣ ኬብሉ ለብቻ ነው» ማለት ይጀምራል። ሰውዬው የባጃጅ ስለከፈለ ብቻ እሺ ብሎ ይገዛል። እንዲህ ካለው ሻጭ እኔ ዕቃውን ጥዬ እወጣለሁ። ማውጫውን የደበቀ ሰው የተቃጠለ የፍሪጅ ኮምፕረሰርም ይደብቃል።

አንድ ነገር ለሻጮች። ማውጫ ጠይቃችሁ ካላወጣችሁት ያ ብር ትርፍ ነው። ቴሌብር ላይ የገባውን ብር የመብራት ልትከፍሉበት፣ ካርድ ልትሞሉበት ከሆነ ማውጫ የለም። ባጃጅ ያለው ሰው ነዳጁንም በስልኩ ነው የሚከፍለው። ያ ነጂ እኮ ሒሳቡን በቴሌብር ስልክለት ደስ ነው ያለው፤ በቀጥታ ማደያ ገብቶ ይቀዳበታል። ስለዚህ ማውጫ ከመጠየቃችሁ በፊት «ብሩ ቀጥሎ የት ይሄዳል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሻጩ ዋጋው ውስጥ አስገብቶ ይሸከም የሚለው

ስሸጥ የምመርጠው ይሄንን ነው። ፒያሳ ካሉት ሱቆች ገብታችሁ ቴሌቪዥን ስትጠይቁ ባለሱቁ «ዋጋው ይሄ፣ ማስተላለፊያው ይሄ» ብሎ አይነጥልም። አንድ ዋጋ ይነግራችኋል። እናንተም ያገለገለውን የምታወዳድሩት ከዚያ ጋር ነው። ሻጭ ሲሆኑ አስቀድሞ ሂሳቡን ሠርቶ አንድ ቁጥር መጥራት የገዢውን ልብ ያሳርፋል።

ስንት እንደሚያስከፍላችሁ ለማየት አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሩ የማንም ባንክ ታሪፍ አይደለም፣ ለስሌት ያህል ነው። ፍሪጅ በ32 ሺህ ብር ሸጣችሁ፣ ክፍያው 25 ብር፣ ቫቱ 3.75 ሆነ እንበል። ጠቅላላው 28.75 ነው። ከ32 ሺህ ላይ ሲታይ የአንድ ፐርሰንት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ለዚህ መጨቃጨቅ ጊዜ ማባከን ነው። ደላላ በመሃል ቢኖር በተለምዶ 2 ፐርሰንት ትሰጡት ነበር፤ ያ 640 ብር ነው። ለደላላው ስንከፍል ምንም አንልም፣ ለ28 ብር ግን ድምፃችን ይጨምራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ደላላው ሲለፋ ስለምናየው ይሆናል፤ ባንኩ ግን ሲቆርጥ ዝም ብሎ ነው።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። አንድ ያገለገለ የግፊት ድስት በ300 ብር ሸጣችሁ፣ ክፍያው ከነቫቱ 11.50 ሆነ እንበል። ወደ 4 ፐርሰንት ይጠጋል። ማውጫ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በትንንሽ ዕቃ ላይ ክፍያው በእርግጥ ይነክሳል። እንዲህ ላለው ጥሬ ብር ይሻላል፣ ወይም ገዢው ሁለት ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ገዝቶ አንዴ ይላክ።

የዚህ አማራጭ ጉድለት ተደራዳሪ ገዢ ነው። እናንተ 100 ብር ጨምራችሁ 9,600 ብላችሁ ትጠራላችሁ፤ እሱ «ያቺን 100 ተዋት» ይላል። ትተዋላችሁ። ከዚያ ማውጫው ተመልሶ እላያችሁ ላይ ይወድቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። የመጨረሻ ዋጋችሁን ስትወስኑ ማውጫውን ከሥሩ አስቀምጡ፤ ከዚያ በታች እንዳትወርዱ።

እኩል በእኩል

ለወዳጅ ጥሩ ነው። ለማያውቁት ሰው ግን ከጥቅሙ ድካሙ ይበዛል። 11.50ን ለሁለት ስትከፍሉት 5.75 ነው። 75 ሳንቲሙን ማን ያመጣል? ክፍያው ትልቅ ሲሆን ብቻ ትርጉም አለው። ትልቅ የሚሆንበትን ሁኔታ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መንገዱን የመረጠ ይክፈል

ከሁሉም የሚያስማማው ይሄኛው ነው፤ ሰፋ አድርጌ ላውራው።

ገዢው የንግድ ባንክ ሂሳብ አለው እንበል። ሻጩም የንግድ ባንክ ሂሳብ አለው፣ ቴሌብርም አለው። በአንድ ባንክ ውስጥ መላክ ርካሹ መንገድ ነው። ሻጩ «የለም፣ በቴሌብር ነው የምፈልገው» ካለ መብቱ ነው። ግን ከርካሹ መንገድ በላይ የሚመጣውን ልዩነት እሱ ይቻለው። በተቃራኒው ሻጩ የንግድ ባንክ ሂሳቡን ሰጥቶ ገዢው «እኔ ያለኝ ሌላ ባንክ ነው፣ ከዚያ ነው የምልከው» ካለ የሌላ ባንክ መላኪያው የገዢው ነው። ማንም ማንንም አይበድልም። ምቾቱን የፈለገ ለምቾቱ ይከፍላል።

ይህን ደንብ የወደድኩት ንግግሩን ስለሚቀይረው ነው። «ማን ይክፈል?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሁለታችሁም ትጠነቀቃላችሁ። «እትዬ፣ የየትኛው ባንክ ሂሳብ አለዎት?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን አብራችሁ መንገድ መፈለግ ትጀምራላችሁ። ከተማችን ውስጥ ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ሂሳብ አለው። ደመወዙ በአንዱ ይገባል፣ ዕቁቡ በሌላው ነው፣ ሦስተኛውን ሂሳብ ደግሞ ሰፈሩ ቅርንጫፍ ሲከፈት የባንኩ ሰዎች መጥተው ለምነውት ነው የከፈተው። አንዱ መግጠሙ አይቀርም። እኔ ያንን ጥያቄ ዋጋ ከመነጋገሬ በፊት መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ማስተላለፊያ የተጨቃጨቅሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

እትዬን ያኔ ብጠይቃቸው ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ምናልባት ባንክ ሂሳብ አላቸው፣ ግን ቅርንጫፉ ሩቅ ነው፤ ወኪሉ ደግሞ ከበራቸው ሥር ነው። ያ በቂ ምክንያት ነው። እድሜያቸው ገፍቷል፣ ሰልፍ አይችሉም። እኔ ከሆንኩ ማውጫውን እጨምርላቸው ነበር፤ ደንብ ስለሆነ አይደለም፣ እናቴ ቢሆኑስ ብዬ ነው። ደንብ ያለው ሰው ደንቡን የሚተውበትንም ማወቅ አለበት።

በጥሬ ብርስ?

ጥሬ ብር ክፍያ የለውም ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ገዢው ያንን ብር ከኤቲኤም ካወጣው፣ በተለይ ከሌላ ባንክ ኤቲኤም፣ ከፍሎበታል።

ከዚያ መቁጠሩ አለ። 60 ሺህ ብር በ200 ብር ኖት 300 ቅጠል ነው። በመቶ ኖት ከሆነ 600። ያንን ሰው ግቢ በር ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ልጆች እያዩ መቁጠር ደስ አይልም። ፎርጅድ ኖት ቢገባበትስ? ቤት ገብታችሁ ነው የምታውቁት። ገዢም ቢሆን ያንን ያህል ብር በጃኬት ኪስ ይዞ በባጃጅ መሄድ የለበትም።

ለትልቅ ብር የምመክረው መንገድ አለ። የሁለታችሁም ባንክ አንድ ከሆነ አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ተገናኙ። ገዢው መስኮቱ ላይ ከሂሳቡ ወደ ሻጩ ሂሳብ ያዛውራል። ሻጩ እዚያው ደረሰኙን ያያል። የሚከፈል ነገር ካለ ሁለታችሁም ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። ለላፕቶፕ፣ ለሞተር ሳይክል፣ ለፍሪጅ ይሄ ይመቻል። ከ1,000 ብር በታች ለሆነ ዕቃ ግን ጥሬ ብር አምጡና ተገላገሉ።

ቀብድ ሲኖር

ይሄኛውን ሰው ይረሳዋል። ገዢው «ለሌላ እንዳትሸጥብኝ» ብሎ 1,000 ብር ቀብድ ይልካል። ቅዳሜ መጥቶ ቀሪውን ይልካል። ሁለት ጊዜ ተላከ፣ ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ቀብዱን የጠየቀው ማነው? ሻጩ ከሆነ የቀብዱን መላኪያ ከቀሪው ሂሳብ ላይ ቢያስብለት ደግ ነው። ገዢው ራሱ ላስይዝ ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

ከባዱ ሽያጩ ሲፈርስ ነው። ገዢው መጥቶ ዕቃውን አይቶ ካልወደደው ቀብዱ ይመለስ አይመለስ ሌላ ክርክር ነው። ይመለሳል ከተባለ ግን መመለሻው የማን ነው? እኔ የምሄድበት፣ ያፈረሰው ይክፈል የሚለው ነው። ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ መመለሻው ተቀንሶ ይላክለት። ሻጩ ለሌላ ከሸጠ ወይም ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ ግን ሙሉውን ይመልስ፣ የገዢውንም የመጀመሪያ መላኪያ ቢጨምርለት አይበዛም። ሻሸመኔ ወይም ዲላ ያለ ሰው ዕቃውን ሳያይ ቀብድ ሲልክ ይሄ ቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቴሌግራም ላይ ሁለት መስመር ይበቃል።

ከፋዩ ውጭ አገር ሲሆን

እስካሁን ያወራነው ስለ ሳንቲም ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ቁም ነገር ይመጣል።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ያገለገለ ላፕቶፕ እዚያው ካለ ሰው ገዝቶ በሚመጣ መንገደኛ ይልክልኛል። እዚያ ብዙ ሰው የሚከፋፈለው በፔይፓል ነው። ፔይፓል ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ለዘመድና ለወዳጅ የሚላክ ነው። ሌላው ለዕቃና ለአገልግሎት የሚከፈል ነው። በሁለተኛው ሲከፈል ከሻጩ ላይ ወደ 3 ፐርሰንት ገደማ ይቆረጣል። በምትኩ ዕቃው ካልደረሰ ወይም እንደተባለው ካልሆነ ገዢው አቤቱታ አቅርቦ ገንዘቡን የማስመለስ ዕድል አለው። በወዳጅ መንገድ ከተላከ ይህ መከላከያ የለም።

ለዚህ ነው አንዳንድ ሻጭ «በወዳጅ አድርገህ ላክልኝ፣ አለዚያ 3 ፐርሰንት ጨምር» የሚለው። ለገዢው የሚቀርብለት ምርጫ ይሄ ነው፤ ወይ ዋስትናህን ጣል፣ ወይ ክፈልበት። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ማታውቀው ሰው እንዴት ወዳጅ ይሆናል?» ብሎ ይስቅ ነበር። ትክክል ነው። ማንነቱን ለማታውቁት ሰው በወዳጅ መንገድ አትላኩ። 400 ዶላር ላፕቶፕ ላይ 3 ፐርሰንት 12 ዶላር ነው። ያ የመድን ዋጋ ነው፤ መድኑ የሚጠቅመው ደግሞ ገዢውን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ገዢው ቢከፍል፣ ወይም ሁለቱ ቢካፈሉ፣ አይከፋኝም። እኩል በእኩል ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ደግሞም ጭማሪውን በስም ነጥሎ ከመጠየቅ ዋጋውን ራሱን 412 ብሎ መጥራት ይቀላል፤ በክፍያው ስም ጭማሪ መጠየቅን ፔይፓል ራሱ በብዙ ቦታ አይፈቅድም።

በፐርሰንት ሲቆረጥ አንድ የሂሳብ ወጥመድ አለ። ሻጩ 400 እንዲደርሰው ይፈልጋል። ገዢው 12 ጨምሮ 412 ይልካል። ግን 3 ፐርሰንቱ የሚቆረጠው ከ412 ላይ ነው፤ ስለዚህ ለሻጩ የሚደርሰው 399.64 ነው። በትክክል 400 እንዲደርስ 400ን ለ0.97 ማካፈል ነው፤ 412.37 ይመጣል። በዶላር ልዩነቷ ትንሽ ናት። ዕቃው ሲወደድና ፐርሰንቱ ሲከብድ ግን ትታያለች። አገር ውስጥም በፐርሰንት የሚቆርጥ የክፍያ መንገድ ካጋጠማችሁ ስሌቱ ያው ነው።

ስትቀበሉ የሚያስከፍላችሁ ሰው ሌባ ነው

ስለ ማስተላለፊያ እያወራን ይሄንን ሳልል ባልፍ ደግ አልሠራም። ገንዘብ ለመቀበል አስቀድሞ የሚከፈል ነገር የለም። «30 ሺህ ልኬልሃለሁ፣ ታግዷል፣ እንዲለቀቅ 500 ብር ላክ» የሚል ገዢ ገዢ አይደለም። «ትርፍ ላክሁብህ፣ ልዩነቱን መልስልኝ» የሚለውም ያው ነው።

በስክሪንሾት ዕቃ አታስረክቡ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፤ ከተራ የሞባይል ቁጥር የመጣ «ደርሶዎታል» የሚል ጽሑፍ ማንም ይጽፈዋል። ከመልእክቱም ይልቅ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ኢንተርኔት ከሌለ ቴሌብርን በ*127#፣ ንግድ ባንክን በ*889# ማየት ይቻላል። ብሩ እስኪታይ ቁም ሣጥኑ ባጃጅ ላይ አይውጣ።

ሌላ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ሻጭ ክፍያ ለመሸሽ በጓደኛው ሱቅ የነጋዴ ኮድ ላይ እንድትከፍሉ ይጠይቃል። ለገዢው መላኪያው ሊቀንስ ይችላል። ግን ነገ ዕቃው ቢበላሽ የከፈላችሁት ለማታውቁት ሱቅ ነው። ለባለሱቁም ቢሆን የሌላ ሰው ሶፋ በእሱ ሽያጭ ውስጥ ገብቶ ይመዘገባል፤ ግብር ሲመጣ ማን ያስረዳለታል? ይቅርባችሁ።

ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?

ዕቃ ስትለጥፉ ከዋጋው ሥር አንድ መስመር ጨምሩ። እኔ የምጽፈው ይሄንን ይመስላል፦ «ዋጋ 9,500። ንግድ ባንክ ወይም ቴሌብር። ማውጫ አልጠይቅም፣ መላኪያ የገዢ።» ማውጫ የምትፈልጉ ከሆነም «እጄ ላይ 9,500 የሚገባ» በሉ። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በር ላይ መናገር ነው።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ስልክ ላይ ዋጋ ከመጨረሳችሁ በፊት «በምን ልክፈል? ከነምኑ ነው?» በሉ። ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ታላቅ ሰው ከሆኑ «እትዬ፣ መላኪያውን እኔ እችላለሁ፣ ማውጫውስ እንዴት ይሁን?» ብትሏቸው ብዙ ጊዜ «ኧረ ተወው ልጄ» ነው መልሱ። ቀድሞ የተጠየቀ ሰው ለጋስ ይሆናል።

ሳትነጋገሩ በር ላይ ከደረሳችሁስ? ሁለታችሁም ስልካችሁን አውጡና ተሳዩ። ገዢው የተቆረጠበትን ያሳይ፤ ሻጩ ማውጫው ስንት እንደሆነ ያሳይ። ከዚያ ተቀራራቢ ከሆኑ እንዳሉ ይቅሩ።

ባለፈው ወር ቤት ስቀይር ያንኑ ቁም ሣጥን እኔ ሸጥኩት። 8 ሺህ ብር ብዬ ለጠፍኩ፤ የክፍያውን መስመር አልረሳሁም። አንዲት ልጅ ደወለች፤ ሪፈራል አካባቢ የምትሠራ ነርስ ናት። ሂሳብ ቁጥሬን ልነግራት ስል «ግድ የለም፣ ጥሬ ብር ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። መጣች፣ ቆጠርን፣ 7,800 ሆነ። ቦርሳዋን ገለበጠች፣ የለም።

«ወንድሜ፣ 200 ጎደለኝ። እሷን በቴሌብር ልላክልህ?»

«ላኪ» አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ከነማውጫው?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ለእሷ ለምን እንደሳቅሁ አልገባትም።